ሱፐርማን ካለ ባትማን ለምን ያስፈልጋል? የሁለት ጀግና ኮሚክ አሠራር

ሱፐርማን ይበራል። ጥይት አይበሳውም። ግድግዳ አሳልፎ ያያል፣ የሚገሰግስ ባቡር በእጁ ያቆማል። ባትማን ደግሞ ሰው ነው። ሲመቱት ይደማል፣ ከፎቅ ቢወድቅ ይሞታል። እነዚህን ሁለቱን አንድ ታሪክ ውስጥ አስገብታችሁ "በሉ አብራችሁ ሥሩ" ብትሏቸው አንድ ጥያቄ ወዲያው ይመጣል፦ ባትማን እዚያ ምን ይሠራል? ሱፐርማን ሁሉንም ነገር በሁለት ደቂቃ ጨርሶ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም?

ልጆች ይህን ጥያቄ ቶሎ ይጠይቃሉ፣ ትክክልም ናቸው። የኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ ደራሲዎችም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲታገሉት ኖረዋል። ሁለት የማይመሳሰሉ ጀግኖችን የሚያጣምር ኮሚክ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። ሽፋኑ ላይ ሁለት ታዋቂ ስም፣ መሃል ላይ አንድ ክፉ ሰው፣ ትንሽ ድብድብ፣ መጨረሻ ላይ መጨባበጥ፣ አለቀ። ብዙዎቹም በእርግጥ ከዚህ አያልፉም። ጥሩዎቹ ግን ሌላ ሥራ ይሠራሉ፤ ያንን ሥራ አንዴ ካያችሁት በኋላ ኮሚክ የምታነቡበት ዓይን ይቀየራል ብዬ አምናለሁ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። እዚህ ግን ተረቱ አይሠራም፤ ከሁለቱ አንዱ ቀድሞውኑ አንበሳ ነው፣ የድር እርዳታ አያስፈልገውም። ስለዚህ ሁለተኛው ጀግና ጉልበት ሊጨምር አይመጣም። የመጀመሪያውን ሰላም ሊነሳው ነው የሚመጣው። ብቻውን ሲሆን ማንም የማይጠይቀውን ይጠይቀዋል። ብቻውን ሲሆን የማይታየውን ጉድለቱን ያወጣበታል። ይህ ሲሆን ታሪክ አለ፤ ካልሆነ ያለው ሽፋን ብቻ ነው።

አጀማመሩን እንይ፣ ብዙ ነገር ያብራራልና። ሱፐርማን በ1938 ወጣ፣ ባትማን በ1939 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም ዛሬ ዲሲ በምንለው አሳታሚ ሥር ናቸው። በ1941 "ወርልድስ ፋይነስት" የሚባል መጽሔት መጣና ሁለቱን አንድ ሽፋን ላይ አስቀመጣቸው። ሽፋኑ ላይ አብረው እየሳቁ፣ አብረው እየተጫወቱ ታዩዋቸዋላችሁ። ገለጥ ስታደርጉት ግን አብረው የሉም። ሱፐርማን የራሱ ታሪክ አለው፣ ባትማንም የራሱ። ለዓመታት እንዲህ ቀጠለ። ከዚያ ወጪ በዛ፣ መጽሔቱ ሳሳ፣ ለሁለት የተለያየ ታሪክ ቦታ ጠፋ። በ1954፣ 71ኛው እትም ላይ፣ ሁለቱን አንድ ታሪክ ውስጥ ከተቷቸው። በኮሚክ ዓለም ውስጥ ዝነኛው ጥምረት ቋሚ ሥራ የሆነው ገጽ ስለቀነሰ ነው።

ይህን ያነሳሁት ጥምረቱን ለማራከስ አይደለም። እንዲያውም በኋላ እንደምታዩት፣ ብዙዎቹ ጥሩ ጥምረቶች የተወለዱት በችግር ነው። ሁለት መጽሔት ለየብቻ መቆም ሲያቅታቸው አንድ ላይ ይሰፋሉ። ከዚያ ደራሲው ጭንቅ ውስጥ ይገባል፦ እነዚህ ሁለት ሰዎች ለምን አብረው እንዳሉ ለአንባቢው ምክንያት መስጠት አለበት። ያ ፍለጋ ነው ጥሩ ታሪክ የሚያወጣው።

ከ1954 በፊትም አንድ የማልረሳው ታሪክ አለ። በ1952 በሱፐርማን መጽሔት 76ኛ እትም ላይ ኤድመንድ ሃሚልተን የጻፈው ነው። ክላርክ ኬንትና ብሩስ ዌይን፣ ማለትም ጭምብልና ካባ የሌላቸው ሱፐርማንና ባትማን፣ አንድ የመንገደኞች መርከብ ላይ ይገናኛሉ። መርከቡ ሞልቷል፣ ስለዚህ አንድ ክፍል ይጋራሉ። ድንገት እሳት ይነሳል። ሁለቱም ልብሳቸውን ቀይረው መውጣት አለባቸው፣ ግን አንዱ በሌላው ፊት መቀየር አይችልም። መብራት ይጠፋል፣ ሁለቱም በጨለማ ይቀይራሉ። በመስኮቱ ብርሃን ሲገባ ይተያያሉ፤ በቃ፣ ምስጢሩ አለቀ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች፣ በአንድ ሰዓት፣ አንዱ ሌላውን አንድ ዓይነት ውሸት ሲዋሸው ነበር ማለት ነው። ታሪኩ የልጆች ነው፣ ቀላልም ነው። ግን አንድ ትልቅ ነገር በትክክል ይዟል። ሁለቱ የተለያዩ ቢሆኑም የሚያስተሳስራቸው አንድ ሕይወት አለ፤ ልዩነት የሚታየው ደግሞ የጋራ ነገር ሲኖር ነው።

እስቲ ሁለቱን ጠጋ ብለን እንያቸው። ሁለቱም ወላጅ አልባ ናቸው። የሱፐርማን ወላጆች ክሪፕተን ከምትባለው ፕላኔት ጋር አብረው ጠፉ። የባትማን ወላጆች ልጃቸው ዓይን ሥር በጥይት ተገደሉ። ቁስሉ አንድ ነው። ከቁስሉ በኋላ የመጣው ግን ለየቅል ነው። ሕፃኑን ሱፐርማንን ደጋግ ገበሬዎች አገኙት፣ እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ብሩስ ዌይን ትልቅ ቤት፣ ብዙ ገንዘብና አንድ ታማኝ አሳዳጊ ቀረለት። አንዱን ዓለም በደግነት ተቀበለችው፣ ሌላውን በጥይት። ስለዚህ ሱፐርማን ሰው ሲያይ መጀመሪያ ያምናል፣ ባትማን መጀመሪያ ይጠረጥራል። መብረርና አለመብረር ከዚህ አንፃር ሲታይ ትንሽ ነገር ነው።

ብዙ ደካማ ኮሚኮች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ልዩነት ሲባል የኃይል ልዩነት ብቻ ይመስላቸዋል፦ አንዱ ጠንካራ፣ ሌላው ፈጣን፤ አንዱ እሳት፣ ሌላው ውኃ። ይህ ለአንድ ድብድብ ይበቃል። ለአንድ መጽሔት አይበቃም።

እሳትና ውኃ ካልን፣ የዚህ ዓይነት ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በትክክል እሱ ነው። በ1940፣ በኋላ ማርቭል የሆነው አሳታሚ ሁለት ታዋቂ ገጸ ባሕርያት ነበሩት። አንዱ ሰውነቱ የሚነደው ሂውማን ቶርች፣ ሌላው ከባሕር በታች ያለ መንግሥት ልዑል የሆነው ኔሞር። ኔሞር ኒው ዮርክን ሲያውክ ቶርች ሊያስቆመው ይነሳል፣ ይፋለማሉ። መጨረሻው ምን ሆነ? ማንም አላሸነፈም። ቤቲ ዲን የምትባል ፖሊስ መሃል ገብታ አበረደችው።

ማንም ያላሸነፈበት ምክንያት ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ጀግና የራሱ አንባቢ አለው። አንዱ እንዲያሸንፍ ብታደርጉ የሌላውን አንባቢ አስቀየማችሁ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሕግ ሆኖ ቀረ ማለት ይቻላል፦ ሁለት ጀግኖች ሲገናኙ መጀመሪያ ባለመግባባት ይጣላሉ፣ እኩል ይወጣሉ፣ ከዚያ እውነተኛው ጠላት ማን እንደሆነ ይገባቸዋል፣ ተባብረው ያሸንፉታል። ይህን ቅርጽ ሺህ ጊዜ አይታችሁታል። ገና ሲጀመር ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። እኔ በግሌ አብዛኛውን ጊዜ የስንፍና መንገድ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቱም ጠባቸው ከማንነታቸው የመጣ አይደለም። አንዱ ሌላውን "ይሄ ሰውዬ ሌባ ነው" ብሎ በስህተት ስላሰበ ብቻ የተፈጠረ ነው። ስህተቱ ሲታረም ጠቡም ይጠፋል። የቀረ ነገር የለም።

የእኩልነቱ ሒሳብ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ለማየት 1976ን ተመልከቱ። በዚያ ዓመት ሁለቱ ተፎካካሪ አሳታሚዎች፣ ዲሲና ማርቭል፣ ሱፐርማንንና ስፓይደርማንን አንድ ኮሚክ ላይ አገናኙ። ጄሪ ኮንዌይ ጻፈው፣ ሮስ አንድሩ ሣለው፣ በትልቅ መጠን ታትሞ 2 ዶላር ተሸጠ። ችግሩ ይታያችሁ። ሱፐርማን ስፓይደርማንን በአንድ ጣቱ ሊጥለው ይችላል። ግን የማርቭል ጀግና በዲሲ ጀግና እንዲህ ሊዋረድ አይችልም። መፍትሔው ምን ነበር? ክፉው ሌክስ ሉተር፣ ስፓይደርማን ሳያውቅ፣ የቀይ ፀሐይ ጨረር ይለቅበታል። ሱፐርማንን ደግሞ ቀይ ፀሐይ ያዳክመዋል። ስለዚህ ስፓይደርማን ሱፐርማንን ሲመታው በእርግጥ ይሰማዋል። ለጥቂት ገጾች እኩል ይሆናሉ። ከዚያ ጨረሩ ያልቃል፣ ስፓይደርማን መምታቱን ይቀጥላል፣ ሱፐርማን ንቅንቅ ሳይል ይቆማል፣ የሚጎዳው የመቺው እጅ ይሆናል።

ዘዴው ብልህ ነው። ግን የእኔ ልብ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ፒተር ፓርከር፣ ማለትም ጭምብል የሌለው ስፓይደርማን፣ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነው፣ ክላርክ ኬንት የዜና ሰው። ሁለቱም ዓለምን አድነው ሲመለሱ አለቃ የሚጮህባቸው ሠራተኞች ናቸው። ከጨረሩ ይልቅ ሁለቱን ያቀራረባቸው ይህ ነው፤ ሁለቱ ገጸ ባሕርያት ከተለያየ አሳታሚ ቢመጡም ጎረቤት ይመስላሉ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፣ ባትማን ምን ይሠራል ወደሚለው። ለእኔ የተሻለው መልስ በ1986 ጆን በርን የሱፐርማንን አጀማመር እንደገና ሲጽፈው የመጣ ነው። በዚያ ተከታታይ 3ኛ እትም ላይ ሱፐርማንና ባትማን ለመጀመሪያ ጊዜ ይገናኛሉ፣ ወዳጆች ግን አይደሉም። ሱፐርማን ወደ ባትማን ከተማ፣ ወደ ጎተም የመጣው ባትማንን ሊይዘው ነው። በእሱ ዓይን ባትማን ሕግ የማያከብር፣ በጨለማ ሰው የሚያስደነግጥ አመፀኛ ነው።

ሱፐርማን ሊይዘው ሲጠጋ ባትማን ቁም ይለዋል። በዙሪያዬ የማይታይ መስክ አለ፣ ይለዋል፤ አንተ ከነካኸኝ ከተማው ውስጥ የሆነ ቦታ ያለ ቦምብ ይፈነዳል፣ አንድ ንጹሕ ሰው ይሞታል። ሱፐርማን ይቆማል። ሰውየው በእሱ ላይ ምንም ጉልበት የለውም፣ ሊመታው አይችልም፣ ሊሸሸው አይችልም። ግን ቆሟል። ከዚያ ሌላ ወንጀለኛ ማሳደድ ይመጣል፣ ሳይወዱ በግድ አብረው ይሠራሉ፣ ሱፐርማንም ባትማን እንዴት እንደሚያስብ ከአጠገቡ ሆኖ ያያል። መጨረሻ ላይ ቦምቡን አምጣ ይለዋል። ባትማን ከወገቡ ቀበቶ አውጥቶ ይሰጠዋል። ሊሞት የነበረው ንጹሕ ሰው ራሱ ባትማን ነበር።

ይህን ትዕይንት ቀስ ብላችሁ አስቡት። ባትማን አልዋሸም፣ አንድም ሌላ ሰው ለአደጋ አላጋለጠም። የተጠቀመው መሣሪያ የሱፐርማን ደግነት ነው። ይህ ሰው ንጹሕ ሰው እንዲሞት በፍጹም አይፈቅድም ብሎ ገምቶ ሕይወቱን በዚያ ግምት ላይ አስያዘ። በሌላ በኩል ስታዩት ደግሞ፣ ማንንም የማያምነው ባትማን፣ ገና ዛሬ ያየውን ሰው ልብ አምኖ ነው ያን ያደረገው። ተለያይተው ሲሄዱ ባትማን በሆዱ፣ ነገሩ ሌላ ቢሆን ኖሮ ወዳጄ ልለው እችል ነበር ብሎ ያስባል። በጥቂት ገጾች ውስጥ የሁለቱንም ማንነት አወቅን፣ ያውም ቡጢ ሳይሰናዘሩ። የኃይል ልዩነቱ ምንም አልቀነሰም፣ ግን ከቁጥር ወጣ። እንዲህ ነው የሚሠራው።

ይህ ትዕይንት ከአራት ዓመት በኋላ መልስ አገኘ። በ1990 በወጣ ታሪክ ላይ ሱፐርማን ክሪፕቶናይት ያለበት ቀለበት ለባትማን ይሰጠዋል። ክሪፕቶናይት ሱፐርማንን ሊገድል የሚችል ነገር ነው። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ አንድ ቀን ራሴን መቆጣጠር ካቃተኝ የሚያስቆመኝ ነገር በማምነው ሰው እጅ ይሁን ነው የሚለው። በመጀመሪያው ቀን ባትማን ራሱን መያዣ አደረገ፤ አሁን ሱፐርማን ራሱን መያዣ ያደርጋል። ልብ በሉ፣ ቀለበቱን ከወዳጆቹ መሃል ለደጉ፣ ለሚራራለት አልሰጠም። የሚጠረጥረው ሰው ጋ ነው የወሰደው። ጥርጣሬ፣ እስከዚያ ድረስ የባትማን እንከን የሚመስለው ነገር፣ እዚህ ላይ ለሱፐርማን የሚያስፈልገው ነገር ሆነ። የሁለት ጀግና ታሪክ ሊደርስበት ከሚችለው ከፍታ አንዱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፦ የአንዱ ጉድለት በሌላው በኩል ሲታይ ጥቅም ሲሆን።

ከእነዚህ ሁለቱ ውጪ ስንወጣ መቅረት የሌለበት ጥምረት ግሪን ላንተርንና ግሪን አሮው ነው። በ1970 የግሪን ላንተርን መጽሔት ሽያጭ ወርዶ ነበር። ዴኒ ኦኒል የሚባል ደራሲና ኒል አዳምስ የሚባል ሠዓሊ የፈለጋችሁትን ሞክሩ ተብለው ተሰጣቸው። እነሱም ሁለት አረንጓዴ ለባሾችን አንድ ላይ አደረጉ። ላንተርን፣ ሃል ጆርዳን፣ ያሰበውን ሁሉ ቅርጽ የሚሰጥ ቀለበት አለው፤ ከሩቅ ፕላኔት ያሉ ጠባቂዎች የሚያዙት የጠፈር ፖሊስ ነው። አሮው፣ ኦሊቨር ኩዊን፣ ሀብቱን ያጣ ቀስተኛ ነው፤ ባለሥልጣን አይወድም፣ ከድሃ ጋር ይቆማል። አንዱ ሕግ ሲል ሌላው ፍትሕ ይላል። ሁለቱም ደግሞ ከልባቸው ነው።

76ኛው እትም ሲጀመር ላንተርን ከተማው ላይ እየበረረ ነው። ታች አንድ ወጣት አንድ ባለ ሱፍ ሰውዬ ላይ እጁን ሲያነሳ ያያል። ወርዶ ወጣቱን ይይዘዋል፣ ሰውዬውን ያድነዋል። ሥራውን ሠርቷል፣ ጭብጨባ ይጠብቃል። የሰፈሩ ሰው ግን ቆርቆሮና ቆሻሻ ይወረውርበታል። ሰውዬው ለካ የሕንፃው ባለቤት ነው፤ ተከራዮቹን አስወጥቶ ቦታውን መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው። አሮው ይመጣና ላንተርንን ወደ ውስጥ ይወስደዋል፣ ሰዎቹ እንዴት እንደሚኖሩ ያሳየዋል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጥቁር ሰው ይጠይቀዋል። ስለ አንተ ሰምቻለሁ ይለዋል፤ በሌላ ፕላኔት ሰማያዊ ቆዳ ላላቸው፣ ብርቱካናማ ቆዳ ላላቸው፣ ሐምራዊ ቆዳ ላላቸው ስትደርስላቸው ነበር። ስለ ጥቁሮቹስ ለምን አልተጨነቅህም? ላንተርን አንገቱን ደፍቶ መልስ ያጣል።

ይህን ጥያቄ ግሪን ላንተርን ብቻውን በሚሠራበት ታሪክ ውስጥ ማን ይጠይቀው ነበር? ማንም። ከሰማይ የሚያየው ሰው መሬት ላይ ያለውን እንዲያይ መሬት ላይ የሚኖር ወዳጅ አስፈለገው። ከዚያ ሁለቱ አሮጌ መኪና ይዘው አሜሪካን ያዳርሳሉ። በ1971 ደግሞ አሮው እንደ ራሱ ልጅ አድርጎ የያዘው ስፒዲ ሄሮይን ሱሰኛ ሆኖ ተገኘ። ሁልጊዜ ሌላውን የሚወቅሰው አሮው በገዛ ቤቱ ያለውን አላየም። ጥያቄው ዞሮ እሱ ጋ መጣ፣ ይህም በጣም አስፈላጊ ነበር፣ ምክንያቱም በአንዳንዶቹ እትሞች ላይ ደራሲው ለአሮው ያደላል፣ አሮው ሰባኪ ይሆናል፣ ላንተርን ዝም ብሎ የሚገሠጽ ተማሪ ይሆናል። መጽሔቱ በ1972 በ89ኛው እትም ቆመ። ሽያጩን አላዳነውም። ግን ሁለት ጀግኖችን ለሐሳብ ክርክር ማጣመር እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ሆኖ ቀረ።

ክርክር ብቻውን ግን ታሪክ አይሆንም። ለዚህ ምስክሩ በ1968 ስቲቭ ዲትኮና ስቲቭ ስኪትስ የፈጠሯቸው ወንድማማቾች ናቸው፣ ጭልፊትና ርግብ። የቬትናም ጦርነት ጊዜ ነው፤ አንዱ በጉልበት ያምናል፣ ሌላው በሰላም። ሐሳቡ ወርቅ ነው። ግን አንዱ ሁልጊዜ እንምታ ይላል፣ ሌላው ሁልጊዜ አንምታ ይላል፣ በሚቀጥለውም እትም እንደዚያው። ማንም ማንንም አይለውጥም። የራሳቸው መጽሔት 6 እትም ብቻ ነው የቆየው።

ከእነሱ ጋር ሉክ ኬጅንና አይረን ፊስትን አስተያዩ። ኬጅ ባልሠራው ወንጀል ታስሮ፣ እስር ቤት ውስጥ በተደረገበት ሙከራ ቆዳው የማይበሳ የሆነ የሃርለም ሰው ነው። በ1972 ሲወጣ በስሙ መጽሔት ካገኙ ጥቁር ሱፐር ሂሮዎች የመጀመሪያው ነበር። ለሥራው ገንዘብ ይቀበላል፣ አያፍርበትም። አይረን ፊስት፣ ዳኒ ራንድ፣ የባለጸጋ ልጅ ነው፤ ተራራ ውስጥ ባለች ምስጢራዊ ከተማ የፍልሚያ ጥበብ ተምሮ ያደገ። የሁለቱም መጽሔት ሲዳከም በ1978 በኬጅ መጽሔት 50ኛ እትም አንድ አደረጓቸው። አያችሁ፣ እንደገና ችግር ነው ያጋባቸው። በ2004ም ኬብልና ዴድፑል የሚባሉ ሁለት የማርቭል ገጸ ባሕርያት እንዲሁ ለየብቻ መጽሔታቸው ቆሞ አንድ ላይ መጡ፣ 50 እትምም ሄዱ።

የኬጅና የፊስት ጥምረት እስከ 1986፣ እስከ 125ኛው እትም ዘለቀ። ለምን? ለእኔ ልዩነታቸው በየቀኑ ስለሚነሳ ነው። አንድ ሰው እርዳታ ፈልጎ ይመጣል፣ ገንዘብ የለውም። ዳኒ በነፃ እንሥራለት ይላል፤ ለእሱ ቀላል ነው፣ ገንዘብ ቸግሮት አያውቅም። ለኬጅ ግን የኪራይ ጉዳይ ነው። ፖሊስ ሲመጣ ዳኒ ይረጋጋል፣ ኬጅ ግን እስር ቤት ምን እንደሆነ ያውቃል። እዚህ ክፉ ሰው አያስፈልግም፣ ሁለቱ ቢሯቸው ውስጥ ተቀምጠው ራሱ ታሪክ አለ። ወዳጅነታቸውም የሚታመነው እነዚህን ነገሮች ሳይሸፋፍኑ ስለሚነጋገሩ ነው።

ስለ ሥዕሉ ካላነሳሁ ግማሹን ትቼዋለሁ። ኮሚክ ልዩነትን በቃል ከመናገሩ በፊት በቀለም ይናገራል። ሱፐርማን ደማቅ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ነው፣ ለቀን የተሠራ። ባትማን ግራጫና ጥቁር፣ ለሌሊት የተሠራ። ታዲያ አንድ ገጽ ላይ ሲቆሙ ማን ይለወጥ? ቀን ከሆነ ባትማን ካርኒቫል ላይ የመጣ ሰው ሊመስል ይችላል፣ ሌሊት ከሆነ ሱፐርማን ይደበዝዛል። ጎበዝ ሠዓሊ ይህን እንደ ችግር አያየውም፣ ይጠቀምበታል። ባትማን በሱፐርማን ከተማ በጠራራ ፀሐይ ሲቆም የማይመች ነገር ይሰማናል፣ ጥላ ፍለጋ ጥግ ይይዛል፤ ማንም ምንም ሳይናገር እንግዳ መሆኑን አወቅን። አቀማመጡም ይናገራል። የሚበረው ከላይ ነው፣ ሌላው ቀና ብሎ ማየት አለበት። ሱፐርማን መሬት ወርዶ ከባትማን ጋር ትከሻ ለትከሻ የቆመበትን ሥዕል ስታገኙ ሠዓሊው አውቆ ነው ያደረገው።

በ1982 ማርቭል ያወጣቸው ክሎክና ዳገር ደግሞ ይህን ነገር እስከ ጥግ ወስደውታል። እሱ ጨለማ ነው፣ እሷ ብርሃን። እሱ የሚራበው ብርሃን ነው፣ የሚሰጠው እሷ ናት። ገጹ ላይ ሲታዩ እሱ ወረቀቱ ላይ የተከፈተ ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል፣ እሷ ነጭ ሆና ከመሃሉ ትወጣለች። ስለ ግንኙነታቸው ብዙ ቃል አያስፈልግም፣ ዓይናችሁ ቀድሞ ገብቶታል።

ሌላው ዘዴ የሐሳብ ጽሑፍ ነው። በ2003 ጄፍ ሎብ ሱፐርማንንና ባትማንን ሲጽፍ ሁለቱም በየራሳቸው ሳጥን እንዲያስቡ አደረገ፣ የሱፐርማን ሐሳብ በቢጫ፣ የባትማን በሰማያዊ። ሁለቱ ሐሳቦች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በአፍ የማይነጋገሩትን እኛ እናነባለን። አንዱ ሌላውን እንደሚያደንቅ እናውቃለን፣ እሱ ግን አይነግረውም። ፊልም ይህን በቀላሉ አይችለውም፤ ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ቢሰማ ይደበላለቃል። ገጽ ላይ ግን አንባቢው በራሱ ፍጥነት ከቢጫው ወደ ሰማያዊው ይመላለሳል። ለዚህ ነው የሁለት ጀግና ታሪክ በኮሚክ ላይ የተለየ ጣዕም አለው የምለው። ይህ አጻጻፍ ሲበዛ ግን ያሰለቻል፣ በተለይ ሁለቱ የሚያስቡት አንድ ዓይነት ነገር ሲሆን።

አንድ ኮሚክ እጃችሁ ላይ ሲገባ እንዲህ አድርጋችሁ ፈትሹት። ጠላት የሌለበትን ገጽ ፈልጉ፣ ሁለቱ ጀግኖች ብቻቸውን የሆኑበትን። ጣሪያ ላይ ይሁን መኪና ውስጥ፣ ሁለቱ ብቻ። የአንዱን ንግግር ወስዳችሁ በሐሳባችሁ ለሌላው ስጡት። ምንም ካልተለወጠ፣ አንዱ ያለውን ሌላውም ሊለው ይችል ከነበረ፣ ያ ኮሚክ ሁለት ስም ያለው የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ከዚያ ደግሞ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ አስተያዩ። አንዱ በሌላው ምክንያት የተወው ወይም የጀመረው ነገር አለ?

ማንበብ ለምትፈልጉ፣ ከ1986ቱ የጆን በርን 3ኛ እትም ጀምሩ፤ አጭር ነው፣ ብቻውንም ይነበባል። ከዚያ የግሪን ላንተርንን 76ኛ እትም ያዙ፣ ንግግሩ አንዳንዴ ቢበዛም የኒል አዳምስ ሥዕል ይክሳችኋል። ሁለቱ ወዳጅ ሆነው ማየት ለሚፈልግ ደግሞ በ2022 ማርክ ዌይድ በጽሑፍ፣ ዳን ሞራ በሥዕል የጀመሩት የሱፐርማንና የባትማን ተከታታይ አለ። እዚያ ጠብ የለም፣ መጠራጠርም ብዙ የለም፣ የባትማን ወጣት ረዳት ሮቢንም አብሯቸው አለ። ልዩነታቸው ግን በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ይታያል፣ በተለይ ባትማን ዕቅድ ሲያወጣና ሱፐርማን ዕቅዱ ውስጥ ያልተቆጠረ አንድ ሰው ሊያድን ሲወጣ።